ጳጉሜ 6ን ሳይጠብቁ መፈተሽ፦ ለኢትዮጵያ ቀን መቁጠሪያ ኮድ አውቶማቲክ ቴስት እንዴት ይጻፋል?

ቀጣዩ ጳጉሜ 6 የሚውለው በ2019 ዓ.ም. ማብቂያ ነው፤ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2027። ለማይክሮፋይናንስ፣ ለክሊኒክ ወይም ለትምህርት ቤት የሠሩት ሶፍትዌር ያቺን ቀን በትክክል ያስተናግዳት እንደሆነ ለማወቅ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ቀኑ እስኪመጣ መጠበቅ ነው። በዚያን ዕለት ገንዘብ ተቀባይዋ ደረሰኝ ልትቆርጥ ስትል ሲስተሙ «የተሳሳተ ቀን» ይላታል፤ ወይም ምንም ሳይል መስከረም 1 ብሎ ይመዘግብና የዕለቱ ሂሳብ ወደ አዲሱ ዓመት ይሻገራል። ሌላው መንገድ ጥያቄውን ዛሬውኑ ለኮዱ ማቅረብ፣ ትክክለኛውን መልስ ጽፎ ማስቀመጥ፣ ከዚያም ኮዱ በተነካ ቁጥር ማሽኑ ራሱ ያንኑ ጥያቄ እንዲጠይቅ ማድረግ ነው። አውቶማቲክ ቴስት የሚባለው ይህ ነው።

«ሞክሬዋለሁ፣ ይሠራል» የሚለው መልስ በቀን ስሌት ላይ ብዙ አያስኬድም። በእጅ የሚሞከር ሶፍትዌር የሚሞከረው ሞካሪው ባለበት ዕለት ነው። ሰኔ ላይ ቅጹን ይከፍታል፣ የሰኔን ቀን ይመርጣል፣ ያስቀምጣል፣ ትክክል መሆኑን አይቶ ይሄዳል። በአራት ዓመት አንዴ የምትመጣው ቀን፣ የበጀት ዓመት የሚዘጋበት ሌሊት፣ ከሰባ ወይም ከመቶ ዓመት በኋላ የሚያበቃ ውል በዚያ ሙከራ ውስጥ የሉም። የአውቶማቲክ ቴስት ትልቁ ጥቅም ለእኔ ይኸው ነው፤ ሰው ቁጭ ብሎ ሊጠብቃቸው የማይችላቸውን ቀኖች በየዕለቱ ያያቸዋል።

ይህ የሩቅ ስጋት አይደለም። ማይክሮሶፍት ይሸጠው የነበረው ዙን የተባለ ሙዚቃ ማጫወቻ፣ የ30 ጊጋባይቱ ሞዴል፣ ዲሴምበር 31 ቀን 2008 ላይ በያለበት ደርቆ ቀረ። 2008 በፈረንጆቹ ሠግር ዓመት ነበር፣ ዕለቱም የዓመቱ 366ኛ ቀን ነው። የቀኖችን ብዛት ወደ ዓመት የሚለውጠው ኮድ 366 ላይ ሲደርስ መውጫ አጥቶ እዚያው ይዞር ጀመር። መሣሪያው ገበያ ላይ ሳለ ብዙ ሰው ነክቶታል፣ ሞክሮታል። ነገር ግን «ዛሬ የሠግር ዓመት 366ኛ ቀን ቢሆንስ?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ አጭር ቴስት ቢኖር ኮዱ ከፋብሪካ ሳይወጣ ይጋለጥ ነበር። የእኛ 366ኛ ቀን ጳጉሜ 6 ናት።

ከዚህ በታች ያለው መመሪያ የኢትዮጵያን ቀን ወደ ፈረንጆች፣ የፈረንጆችን ወደ ኢትዮጵያ የሚለውጥ ኮድ ይዞ ቴስት ከዜሮ እንዴት እንደሚገነባ ያሳያል። ምሳሌው በፓይዘንና ፓይቴስት በተባለው መሣሪያ ነው። በጃቫ ጄዩኒት፣ በጃቫስክሪፕት ጄስት ይዘው ቢሠሩም አካሄዱ አይለወጥም።

ደረጃ 1፦ ስሌቱን ከሌላው ኮድ ይለዩ

የቀን ስሌት ብዙ ጊዜ ከስክሪኑ፣ ከዳታቤዙና ከሪፖርቱ ጋር ተጣብቆ ይገኛል። ቅጹን የሚያሳየው ኮድ እዚያው ቀኑን ይለውጣል፣ እዚያው ያስቀምጣል። እንዲህ ያለውን ኮድ ለመፈተሽ ሰርቨር ማስነሳት፣ ዳታቤዝ ማዘጋጀት፣ ቅጽ መሙላት ይጠይቃል፤ በዚህ ምክንያት ማንም ሳይፈትሸው ይቀራል። ስሌቱን አውጥተው ለብቻው በአንድ ፋይል ያስቀምጡት። የሚያስፈልጉት ሁለት ፈንክሽኖች ናቸው። አንዱ ዓመት፣ ወርና ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተቀብሎ የፈረንጆቹን ቀን ይመልሳል፤ ሌላው ግልባጩን ይሠራል። ሁለቱም ዳታቤዝ አይነኩም፣ ስክሪን አያውቁም፣ «ዛሬ ስንት ነው?» ብለውም ኮምፒውተሩን አይጠይቁም።

ቴስቱ ገና ሳይጻፍ ጥቅሙ እዚህ ላይ ይጀምራል። ለመፈተሽ የማይመች ኮድ ለማንበብም ለመቀየርም አይመችም። ቴስት ለመጻፍ ሲሉ የለዩት ስሌት ነገ ለሞባይል አፑም፣ ለወርኃዊ ሪፖርቱም ሳይገለበጥ ያገለግላል።

ደረጃ 2፦ የመጀመሪያውን ቴስት ይጻፉ፤ ሲወድቅም ይዩት

አንድ ቴስት ሦስት ነገር አለው፦ የሚሰጥ ግብዓት፣ የሚጠራ ፈንክሽን፣ የሚጠበቅ መልስ። ለመጀመር ማንም የማይከራከርበትን ቀን ይምረጡ። መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ የሚሌኒየሙ ዕለት፣ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ነበር። ስለዚህ ቴስቱ «2000፣ 1፣ 1 ስሰጥህ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 መመለስ አለብህ» የሚል አንድ መስመር ይሆናል።

ቴስቱን ሲጽፉ ፈንክሽኑ ገና ባዶ ይሁን። ያስኪዱት፤ ቀይ ሆኖ ይወድቃል። ይህን መውደቅ ማየት ግዴታ ነው። ሲወድቅ አይተውት የማያውቁት ቴስት በትክክል ይፈትሽ እንደሆነ ማረጋገጫ የለዎትም፤ ፋይሉ በስህተት ሳይነበብ ቀርቶ፣ ወይም ማነጻጸሪያው ተረስቶ ሁልጊዜ አረንጓዴ ሊያሳይዎ ይችላል።

አሁን ስሌቱን ይሙሉ። ፓይዘን እያንዳንዱን ቀን ከፈረንጆቹ ዓመት 1 ጃንዋሪ 1 ጀምሮ በተራ ቁጥር ያውቀዋል። በዚያ ቆጠራ መስከረም 1 ቀን 1 ዓ.ም. 2796ኛው ቀን ነው። ከዚያ ተነስቶ የማንኛውንም የኢትዮጵያ ቀን ተራ ቁጥር ለማግኘት በ2796 ላይ አራት ነገር ይደመራል፦ 365 በ(ዓመት ሲቀነስ 1) ተባዝቶ፤ ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ ቀሪው ሲጣል የሚገኘው ቁጥር፤ 30 በ(ወር ሲቀነስ 1) ተባዝቶ፤ በመጨረሻም ቀኑ ሲቀነስ 1። ለ2000 ሲሠራ 2796፣ 729,635 እና 500 ይደመራሉ፤ ውጤቱ 732,931 ነው። ፓይዘንም ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007ን የሚያውቀው በዚሁ ቁጥር ነው። ቴስቱን ደግመው ያስኪዱ፤ አረንጓዴ ይሆናል።

አንድ ምክር እዚህ ልጨምር። ፓይዘን 3 የፈንክሽን ስም በፊደላችን ቢጻፍ ይቀበላል። ፓይቴስት ቴስት መሆኑን የሚለይበትን መነሻ ቃል ብቻ ከፊት አስቀድመው ቀሪውን «ጳጉሜ_6_በዘመነ_ሉቃስ_ይፈቀዳል» ብለው መሰየም ይችላሉ። ቴስቱ ሲወድቅ ሪፖርቱ ላይ የሚወጣው ይህ ስም ነው። የሂሳብ ክፍል ኃላፊዋ ኮድ ባታነብም ስሙን አንብባ ምን እንደተበላሸ ትረዳለች፤ ሕጉ ራሱ የተሳሳተ ከሆነም ትነግርዎታለች።

ደረጃ 3፦ ቀኖቹን አስበው ይምረጡ

ከሁሉም ደረጃ ብዙ ጊዜ ሊሰጡት የሚገባው ይህ ነው። የቴስት ብዛት በራሱ አይጠቅምም። መቶ ተራ ቀኖች የማያጋልጡትን ስህተት አንድ በደንብ የተመረጠ ቀን ያጋልጠዋል።

ይህን ለማየት ስሌቱን ሆን ብለው ያበላሹት። ዓመቱን ለ4 በማካፈል ፈንታ መጀመሪያ 1 ቀንሰው ያካፍሉት፤ የፈረንጆችን ልማድ ለምዶ የመጣ ፕሮግራመር በቀላሉ የሚሠራው ስህተት ነው። አሁን መስከረም 1 ቀን 2017 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 መሆኑን የሚፈትሽ ቴስት ያስኪዱ። ያልፋል። 2018ም ያልፋል፤ 2019ም ያልፋል። የሚወድቁት ለ4 ያለቀሪ የሚካፈሉት ዓመቶች ብቻ ናቸው፦ 2000፣ 2012፣ 2016፣ 2020። ያለፈው ዓመት ጳጉሜ 6 ስለነበረች አዲስ ዓመቱ ሴፕቴምበር 12 ላይ የሚውልባቸው ዓመቶች ማለት ነው። ያለንበትን ዓመት ብቻ ይዞ የሚፈትሽ ሰው የተሳሳተ ኮዱን በአራት ዓመት ውስጥ ሦስቱን ዓመት ትክክል ነው ብሎ ይምላል።

ስለዚህ ሕጉን ከወንጌላውያኑ ተራ ይውሰዱት። ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 1 ቢተርፍ ዘመነ ማቴዎስ፣ 2 ቢተርፍ ዘመነ ማርቆስ፣ 3 ቢተርፍ ዘመነ ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዘመነ ዮሐንስ ነው። ጳጉሜ ስድስት የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ነው። ለእያንዳንዱ ወንጌላዊ ቢያንስ አንድ ዓመት ይያዙ፤ በየዓመቱም የጳጉሜን መጨረሻና የመስከረምን መጀመሪያ ይፈትሹ። ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ነው፤ ማግስቱ መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12።

ቀጥሎ ዓድዋን ያስገቡ። ጦርነቱ የተደረገው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ማርች 1 ቀን 1896። ዛሬ ግን የካቲት 23 በየዓመቱ ማርች 2 ላይ ይውላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። በ1582 ጳጳሱ ጎርጎርዮስ 13ኛ ባወጡት ሕግ መሠረት ለ400 የማይካፈሉ የመቶ መባቻ ዓመቶች ሠግር አይሆኑም፤ ስለዚህ 1900 ላይ ፌብሩዋሪ 29 አልነበረም። የእኛ አቆጣጠር ይህን መዝለል ስለማያውቅ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በአንድ ቀን ሰፋ። ብዙ ኮድ «መስከረም 1 ማለት ሴፕቴምበር 11፣ በአራት ዓመት አንዴ 12 ነው» ከሚል ሠንጠረዥ ይነሳል። ለዘመናችን ይሠራል፤ ለዓድዋ ግን ማርች 2 ብሎ ይመልሳል። የድሮ የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ወይም የታሪክ ሰነድ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ ሰው ይህን ስህተት በእያንዳንዱ ገጽ ይደግመዋል።

ወደፊትም ያው ነው። 2100 በፈረንጆቹ ሠግር አይሆንም። ስለዚህ መስከረም 1 ቀን 2093 ዓ.ም. በለመድነው ስሌት ሴፕቴምበር 11 መሆን ሲገባው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2100 ይሆናል። ይህ ማንን ይነካል? በከተማ መሬት ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ለመኖሪያ ቤት የተቀመጠው የሊዝ ዘመን 99 ዓመት ነው። በ2018 ዓ.ም. የተፈረመ የ99 ዓመት ውል የሚያበቃው በ2117 ነው። የውል ማብቂያ ቀን የሚያትም ሲስተም የሚሠሩ ከሆነ 2093ን ቴስትዎ ውስጥ ይጨምሩ።

የገና በዓል ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለው። ብዙ የደመወዝና የፈቃድ ሶፍትዌር የበዓል ዝርዝር ውስጥ «ታኅሣሥ 29» ብሎ በቋሚነት ያስቀምጠዋል። በዘመነ ዮሐንስ ግን በዓሉ ታኅሣሥ 28 ላይ ይውላል፤ በ2016 እንዲያ ነበር፣ በ2020ም እንዲያው ይሆናል። በፈረንጆቹ ሲታይ ሁለቱም ጃንዋሪ 7 ነው። በዕለቱ ሥራ ገብቶ የዋለ ጥበቃ ወይም ነርስ የበዓል ክፍያው በዚህ አንድ ቁጥር ሊቀርበት ይችላል። ሁለት ቴስት በቂ ነው፤ አንድ ለ2015፣ አንድ ለ2016።

የሚጠበቀውን መልስ ከየት እንደሚያመጡት ይጠንቀቁ። የራስዎን ፈንክሽን አስኪደው የመለሰውን ቀን ቴስቱ ውስጥ ቢለጥፉ ቴስቱ የሚያረጋግጠው ኮዱ ከራሱ ጋር መስማማቱን ብቻ ነው። መልሱን ከኮዱ ውጭ ያምጡት፦ ከታተመ የግድግዳ ካላንደር፣ በሁለቱም አቆጣጠር ቀኑ ከሚታወቅ የታሪክ ክስተት፣ ባሕረ ሐሳብ ከሚያውቅ ሰው። ስሌቱን የጻፈውና ቴስቱን የጻፈው አንድ ሰው ሆኖ ሕጉን የተረዳው በተሳሳተ መንገድ ከሆነ ሁለቱም አብረው ይሳሳታሉና ሌላ ሰው እንዲያየው ያድርጉ።

ደረጃ 4፦ የሌለ ቀን ሲመጣ ምን እንደሚሆን ይፈትሹ

ጳጉሜ 6 ቀን 2016 የሚባል ቀን የለም። መስከረም 31ም የለም፤ 14ኛ ወርም የለም። ከላይ ያየነው ስሌት ግን ምንም ቢሰጡት ሳያቅማማ ይደምራል፤ ጳጉሜ 6 ቀን 2016 ብለው ቢያስገቡ የመስከረም 1 ቀን 2017ን ቁጥር ይመልስልዎታል። መዝጋቢው የተሳሳተ ቀን መጻፉን ማንም አያውቅም። ስለዚህ ፈንክሽኑ እንዲህ ያለውን ቀን አልቀበልም ብሎ ስህተት እንዲያስነሳ ያድርጉ፤ ቴስቱም ስህተቱ መነሳቱን ያረጋግጥ። ወር 0፣ ወር 14፣ ቀን 0፣ ቀን 31፣ በዘመነ ዮሐንስ ጳጉሜ 6፣ በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜ 7 ይበቃሉ።

ደረጃ 5፦ ቀኖቹን ሁሉ ያስኪዱ

እስካሁን የመረጥናቸው ቀኖች አስበን ያገኘናቸው ናቸው። ያላሰብናቸውን ማሽኑ ይፈልግልን። ከመስከረም 1 ቀን 1850 እስከ 2149 ዓ.ም. ማብቂያ ያሉት 300 ዓመታት 109,575 ቀኖች አሏቸው። ለእያንዳንዱ ቀን ሁለት ነገር ይጠይቁ። ወደ ፈረንጆች ተለውጦ ተመልሶ ሲለወጥ ያው የመጀመሪያው ቀን ይሆናል? የሚቀጥለው የኢትዮጵያ ቀን በፈረንጆቹም ልክ በአንድ ቀን ይበልጣል? ይህ ሁሉ በተራ ላፕቶፕ ላይ ከጥቂት ሰከንድ አይበልጥም። በሰው እጅ ግን የሚሞከር አይደለም።

ይህ ቴስት አንድ ጉድለት አለበት። ሁለቱ ፈንክሽኖች በእኩል መጠን ቢሳሳቱ ምልልሱ ይስማማል፣ ቴስቱም ያልፋል። የደረጃ 3 ቀኖች የሚያስፈልጉት ለዚህ ነው። ከዚያም በላይ ማረጋገጥ ከፈለጉ የሌላ ሰው ሥራ ምስክር ያድርጉ። በጃቫ ጆዳ-ታይም የተባለው ላይብረሪ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ያውቃል፤ የጃቫስክሪፕት የቀን ማሳያም የኢትዮጵያን ካላንደር ይደግፋል። 109,575ቱን ቀኖች በዚያ አሠርተው ከእርስዎ ጋር ያነጻጽሩ። ልዩነት ከተገኘ ማን እንደተሳሳተ የሚፈርደው ካላንደሩ ነው።

ደረጃ 6፦ ውሳኔዎችን ቴስት አድርገው ይጻፉ

ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ላይ የወጣ የአንድ ዓመት ፈቃድ መቼ ያበቃል? ዓመቱ ላይ 1 ቢደምሩ ጳጉሜ 6 ቀን 2016 ይሆናል፤ የሌለ ቀን ነው። የማይክሮሶፍት አዙር ክላውድ በፌብሩዋሪ 29 ቀን 2012 ለሰዓታት የተቋረጠው በዚሁ ዓይነት ድምር ነበር። አንድ ሰርተፍኬት የሚያበቃበትን ቀን ለመወሰን ኮዱ ዓመቱ ላይ 1 ጨመረ፤ ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2013 የሚባል ቀን ስለሌለ ሰርተፍኬቱ ሊፈጠር አልቻለም፣ ችግሩም ወደ ሰርቨሮቹ ተዛመተ።

መልሱ ጳጉሜ 5 ይሁን ወይስ መስከረም 1? ሒሳብ አይመልሰውም፤ ፈቃዱን የሚሰጠው ክፍል ነው የሚወስነው። ሄደው ይጠይቁ፣ መልሱን በቴስት ይጻፉት። ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ፕሮግራመር መጥቶ «ይሄ ለምን ጳጉሜ 5 ሆነ?» ብሎ ሊቀይረው ሲል ቴስቱ ይወድቅበታል፤ ስሙን ሲያነብም ውሳኔ መሆኑን ያውቃል። ፕሮጀክት ከአንድ ሰው ወደ ሌላ በሚተላለፍበት ቤት ይህ ጥቅም ስህተት ከማግኘት አያንስም። ሰነድ ይረሳል፤ ሰው ሥራ ይለቃል። በየዕለቱ የሚሮጥ ቴስት ግን ኮዱ ከውሳኔው ሲወጣ ዝም አይልም።

የብድር ክፍያም እንዲሁ ነው። ደመወዝ በዓመት 12 ጊዜ ይከፈላል፣ ጳጉሜ የራሷ ደመወዝ የላትም። ስለዚህ ነሐሴ 30 ላይ የተከፈለ ወርኃዊ ብድር ቀጣዩ ቀኑ መስከረም 30 ነው ወይስ ኮዱ 13ኛ ወር ብሎ «ጳጉሜ 30» ሊፈጥር ነው? ወለዱ በቀን የሚታሰብ ከሆነ የጳጉሜ ቀኖች ይቆጠራሉ? ሁለቱን ጥያቄዎች ለብድር ክፍሉ ያቅርቡ። ተበዳሪው የሚከፍለው ገንዘብ በመልሱ ይለወጣልና በግምት አይለፉት።

የመንግሥት በጀት ዓመት ግልጽ ስለሆነ አጭር ነው። የ2017 በጀት ዓመት የጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 2016 ነው፣ በፈረንጆቹ ጁላይ 8 ቀን 2024። ሰኔ 30 ቀን 2016 ለ2016፤ ሐምሌ 1፣ ጳጉሜ 5 እና መስከረም 1 ሁሉም ለ2017። አራት መስመር ቴስት።

ደረጃ 7፦ «ዛሬ»ን ከውጭ ይስጡት

ኮዱ ውስጥ «አሁን ስንት ሰዓት ነው?» የሚል ጥሪ ካለ ቴስቱ በሮጠ ቁጥር የተለየ መልስ ያገኛል። ሰዓቱን ለፈንክሽኑ ከውጭ ያቀብሉት፤ በሥራ ላይ እውነተኛውን፣ በቴስት ውስጥ እርስዎ የመረጡትን። ያኔ ነገን ሳይጠብቁ ነገ ላይ መቆም ይችላሉ።

መጀመሪያ የሚፈትሹት የሰዓት ዞኑን ነው። አብዛኛው የክላውድ ሰርቨር የሚሠራው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ አዲስ አበባ ከዚያ በ3 ሰዓት ትቀድማለች። ስለዚህ በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ሰርቨሩ ገና ትናንት ላይ ነው። በዚያ መሃል በሞባይል ገንዘብ የላከ ደንበኛ ደረሰኙ ላይ የትናንት ቀን ሊያይ ይችላል። ሁለት ቴስት ይጻፉ። ሰርቨሩ ሴፕቴምበር 10 ቀን 2026፣ 20:30 ሲል አዲስ አበባ ገና ጳጉሜ 5 ቀን 2018 ናት። 21:30 ሲል ግን መስከረም 1 ቀን 2019 ገብቷል። ከዋሽንግተን ወደ አገር ቤት ገንዘብ የሚልክ አፕ የሚሠሩ ከሆነ ሦስተኛ ይጨምሩ፤ እዚያ ሰዓት በዓመት ሁለቴ ስለሚቀየር ከእኛ ጋር ያለው ልዩነት አንዴ 7፣ አንዴ 8 ሰዓት ነው።

የሰዓት አቆጣጠራችንን የሚያሳይ ስክሪን ካለዎት ጠዋት 6:00 እና ማታ 18:00 ሁለቱም «12 ሰዓት» መባላቸውን ይፈትሹ። 6 ቀንሶ የሚያቆም ኮድ የጠዋቱን «0 ሰዓት» ብሎ ያሳያል።

ደረጃ 8፦ ማንም ሳያስታውስ እንዲሮጥ ያድርጉ

ሰው አስታውሶ የሚያስኬደው ቴስት ሥራ ሲበዛ ይረሳል፤ ስህተት የሚበዛውም ያኔ ነው። ኮዱን በጊትሃብ የሚያስቀምጡ ከሆነ ጊትሃብ አክሽንስ ላይ አንድ አጭር ፋይል ይበቃል፦ ኮድ በተላከ ቁጥር ፓይዘንን አዘጋጅ፣ ፓይቴስትን ጫን፣ ቴስቱን አስኪድ። ቀይ የሆነ ኮድ ከዋናው ጋር እንዳይዋሃድ ቅንብሩ ውስጥ ይዝጉት። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቢሮ ደግሞ ጊት ራሱ ኮሚት ከመደረጉ በፊት ቴስቱን እንዲያስኬድ ማዘዝ ይቻላል፤ ለዚህ ኔትወርክ አያስፈልግም።

ቴስቶቹ ፈጣን ሆነው ይቆዩ። ዳታቤዝና ስክሪን የሚነኩትን ለይተው ጥቂት ያድርጓቸው፣ በቀን አንዴ ይሩጡ። ሩብ ሰዓት የሚያስጠብቅ ቴስትን ሰው ማለፊያ መንገድ ይፈልግለታል።

ደረጃ 9፦ ስህተት ሲመጣ መጀመሪያ ቴስት

ይህ ሁሉ ተደርጎም ስህተት ይመጣል። ቴስት ያልጠየቁትን አይመልስም። ከኮዱ ስንት በመቶው በቴስት ተነካ የሚለውን ቁጥር የሚያሳዩ መሣሪያዎች አሉ፤ ያልተነካ ቦታ ለማግኘት ይጠቅማሉ። ነገር ግን መቶ በመቶ ማለት ትክክል ማለት አይደለም፤ በደረጃ 3 ያበላሸነው ስሌት 2017ን ብቻ በሚጠይቅ ቴስት መስመሮቹ ሁሉ ተነክተው እያለ ስህተት ነበር።

አንድ ተጠቃሚ ደውሎ «የልጄ ዕድሜ ተሳስቶ ወጣ» ቢልዎ ኮዱን ለማረም አይቸኩሉ። የልደት ቀኑን ወስደው መጀመሪያ ቴስት ይጻፉበት፤ ሲወድቅ ይዩ፤ ከዚያ ያርሙ፤ አረንጓዴ ሲሆን ሁለቱንም አብረው ያስገቡ። ስሙ፣ ስልኩና የካርድ ቁጥሩ ቴስት ውስጥ አይግቡ፤ የሚያስፈልገው ቀኑ ብቻ ነው። ያ ስህተት ዳግም ቢመለስ ከተጠቃሚው በፊት እርስዎ ያውቃሉ።

እዚህ ከደረሱ በኋላ ስሌቱን ከሥሩ መቀየር ይችላሉ። የቆየውን የሠንጠረዥ ኮድ አውጥተው በቀመሩ ይተኩት፣ ወይም ስሌቱን በሙሉ ወደ ሌላ ቋንቋ ያዛውሩት፤ ከዚያ ቴስቱን ያስኪዱ። ዓድዋ ማርች 1 ላይ፣ ጳጉሜ 6 በዘመነ ሉቃስ፣ ገና ጃንዋሪ 7 ላይ ከሆኑ፣ 109,575ቱም ቀኖች ካለፉ ኮዱን ለሥራ ይልቀቁት።